የአንጓች የመጀመሪያ ፀሐይ

ጠዋት የምንነሳው ወፍ ሳይንጫጫ ነበር። ባለቤቴ አዛናው ፊቱን ይታጠብና መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እኔ ቆሜ ፊቱን አያለሁ። በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ገና ለስላሳ ስለሆነ ዓይኑን አይወጋውም። ግንባሩን፣ የአፍንጫውን ግራና ቀኝ፣ የታችኛውን ከንፈሩን፣ ጆሮዎቹን በጣቴ እየዳሰስሁ አልፋለሁ። ቆዳው ጤፍ የተበተነበት ይመስል በጥቃቅን ጥቁር ነጥብ የተሞላ ነው። የምፈልገው ግን ነጥቡን ሳይሆን ትናንት ያልነበረ እባጭ ወይም አልድን ያለ ቁስል ነው።

"አዲስ እንግዳ አለ?" ይለኛል።

"የለም።"

"እንግዲያው ቁርስ አቅርቢ።"

በልተን ፀሐይ ሳትወጣ ትምህርት ቤት እንደርሳለን። ሁለታችንም ፍኖተ ሰላም አስተማሪዎች ነበርን፤ እሱ ታሪክ፣ እኔ እንግሊዝኛ። በቀትር ወደ ቤት ሲመለስ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አንገቱን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ትልቅ ጥቁር ጥላ ይዞ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ጌሾ የምትሸጠው ጎረቤታችን ሀብትነሽ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብላ አታሳልፈውም።

"ጥላው መጣ፤ ታቦቱ የት ቀረ?"

"ታቦቱማ ምላስሽን ፈርቶ ቀረ" ይላታል እሱም።

አዛናው በሽታውን የደበቀኝ ዕለት የለም። ገና ዩኒቨርሲቲ ሳለን፣ ለጋብቻ ከመጠየቁ በፊት ነግሮኛል። ታላቅ ወንድሙና እህቱ በዚሁ በሽታ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከራሱ አፍንጫና የዓይን ቆብ ላይ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ እባጭ ተቆርጦለታል። የቆረጠው የውጭ አገር ሐኪም በሽታው ከዘር የሚወርድ መሆኑን፣ ቆዳው ፀሐይ የሚያደርስበትን ጉዳት መቋቋም እንደማይችል፣ በየጊዜው የሚወጣው እባጭም ነቀርሳ እንደሆነ አስረድቶታል። "ከሁለቱም፣ ከእናትም ከአባትም፣ ካልወረደ ግን ልጅ አይታመምም" ብሎታል። "የምታገባት ሴት ዘመድህ ካልሆነች ብዙ አትስጋ።"

ልጃችን አንጓች በሃምሳ ስድስት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ተወለደች። አማቴ እማማ ወለተ ሐና ሊያርሱኝ ከሰከላ መጡ። በመጡበት ቀን ዕቃቸውን ሳይፈቱ የመኝታ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈኑት።

በአገራችን ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀን ሰውነቱ ቅቤ ተቀብቶ የጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ አጥንቱ ይጠናል ይባላል። የእኛዋ ሳምንት አለፋት፤ ሁለት ሳምንት ሆናት። ሀብትነሽ አራስ ልትጠይቅ ገብታ ጨለማው ውስጥ በዳበሳ ተቀመጠች።

"ይችን ልጅ እንደ ጠላ ጋን ጓዳ ከድናችሁ አስቀመጣችኋት" አለች። "እግሯ ቢጣመም ማን ሊያገባት ነው?"

"ፀሐይ አትወጣም" አሉ እማማ።

አዛናው ከወዲያኛው ክፍል መጣ። "እማየ፣ ትውጣ። እኔ የምኖረውን ኑሮ ያለ ምክንያት አትኑር። ሐኪሙ ያለውን ነግሬዎታለሁ።"

"ሐኪሙ የሞተበት የለም።"

"እርስዎ እኮ አላጠፉም።"

አማቴ መዳፋቸውን አዩ። "ሦስት ልጅ በዚህ እጄ ፀሐይ አሙቄአለሁ። ቆዳቸው ሲላጥ ቅቤው ያነሰ መስሎኝ ጨምሬ ቀባሁ፤ በማግሥቱም አወጣሁ። አራተኛ አልሰጣትም።"

አዛናው ይህን ከእናቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም ነበር። እኔም አልጋው ላይ ሆኜ ልጄን ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። የታመመች ብትሆን በፀሐይዋ፣ ጤነኛም ብትሆን በጨለማው እንዳትጎዳብኝ ፈራሁ።

በሳምንቱ አባቴ አቶ ክንዱ ከቡሬ ማር ይዞ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። "ለሰርጉ ሰባት ቤት ቆጥረን የለም እንዴ? አንነካካም።"

"እኔና ባለቤቴም ሰባት ቆጥረን ነው የተጋባን" አሉ እማማ። "አንድ የሆንነው ስምንተኛው ላይ ነው። ሐኪሙ ጠይቆ ባያስቆጥረን አናውቀውም ነበር።"

አባቴ ሳቁን አቆመ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ "እንግዲያው እንደገና እንቁጠር" አለ።

ከሰዓት በኋላው በሙሉ በዚህ አለፈ። አባቴ አንድ ቅድመ አያት በጠራ ቁጥር አንድ ጀግንነት ይጨምራል። እማማ ደግሞ "ጀግንነቱ ይቆየን፤ እናቱ የማን ልጅ ናት?" ይሉታል። ስምንት አለፉ፤ ዘጠኝ አለፉ፤ አሥረኛው ላይ አባቴ መንተባተብ ጀመረ።

"ከዚህ በላይ ከሄዳችሁ አዳም ጋ ትደርሱና ጋብቻዬን ታፈርሱብኛላችሁ" አለ አዛናው።

የሁለቱ ወገን የትም አልተገናኘም። አማቴ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግሥቱ ጠዋት ለጋ ቅቤ ስጡኝ አሉ። ልጅቱን ቀብተው በነጠላ ጠቀለሏትና ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የገለጡት ግራ እግሯን ብቻ ነው። እኔ የበሩ ደፍ ላይ ቆምሁ። አዛናው ከበሩ ኋላ፣ ብርሃን ከማይደርስበት ሆኖ ይጠይቀኛል።

"ምን ታደርጋለች?"

"ታዛጋለች።"

"እግሯስ?"

"እግር ነው፤ ምን እንዲሆን ፈለግህ?"

ጥቂት ቆይተው አስገቧት። ያን ቀን እማማ ስንት ጊዜ እግሯን ገልጠው እንዳዩ አላውቅም። በማግሥቱ ግራው እንደ ቀኙ ነበር፤ አልቀላም፣ አልተላጠም። ሁለቱንም እግር አወጡ፤ ቀጥሎ እጆቿን። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ራቁቷን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ወገቧን ሲያሹ አንጓች እንቅልፍ ወሰዳት፤ እማማም ቀና ብለው ለሀብትነሽ "አሁን የሚያገባትን ፈልጊ" አሏት።

ነጥቡ ሊወጣ የሚችለው እስከ ሁለት ዓመት ነው ተብለን ስለነበር ሁለት ዓመት ጠበቅን። አልወጣም። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ደስ የሚል ቤት ነበር። አንጓች ቀኑን ደጅ ትውልና ያየችውን ሁሉ ለአባቷ ልትነግር ትሮጣለች፤ የማን ፈረስ ጋሪ እንደሰበረ፣ ገበያው ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሆኖ ያዳምጣታል፤ አንዳንዱን እኔ አስቀድሜ ነግሬው እንኳ።

በስድሳ ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከምላሱ ሥር እባጭ አገኘን። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሄድን። በስድሳ አንድ ሰኔ ላይ አረፈ። ስለዚያ ወራት የምጽፈው የለኝም።

አንጓች ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ጤነኛ ናት። ዛሬም ከደጅ ስትገባ የምታወራው ብዙ ነው፤ የምትነግረው አባቷ የለም።