ጨው የበዛበት ደመና

ዝናብ ከሰማይ ከጠፋ ወዲህ ደመና በእጅ የሚሠራ ነገር ሆኗል። እህትማማቾቹ በሚሠሩበት ፋብሪካ ጣሪያ ላይ፣ አዲስ የተሠሩ ደመናዎች እንደ ጥጃ በገመድ ታስረው ይውላሉ፤ ጓሮው የደረቀበት ሁሉ አንዱን ጎትቶ ይሄዳል።

ታናሽየዋን፣ ቁጭ ማለት ስለማታውቅ፣ "ቁንጫ" ይሏታል። ዛሬ ፈተናዋ ነው። ብቻዋን የሠራችው ደመና ደጅ ያለው የጎመን መደብ ላይ ብቻ ካልዘነበ፣ ለሥልጠና ባሕር ማዶ ትላካለች። ቁንጫ ደግሞ ከእህቷ ተለይታ አድራ አታውቅም፤ ብርድ ልብስ እየተሻሙ ነው ያደጉት።

ደመና የሚዘንበው ጨው ሲነሰነስበት ነው፤ አንድ ጭልፋ፣ በቃ። ቁንጫ ነሰነሰች። ገመድ አምጥታ ስትመለስ ግን ልቧ ተጠራጠረ። ጨምሬያለሁ? አልጨመርኩም? ለማንኛውም ብላ ደገመች።

ደመናው መጀመሪያ አገሳ። ከዚያ አበጠ፣ ጠቆረ፣ ገመዱን ከነቁንጫ ይዞ ብድግ አለ።

"እትዬ፣ መሄዴ ነው መሰለኝ።"

"ምሳሽን ሳትበዪ የት አባሽ ነው የምትሄጂው?" ታላቅየዋ የቁንጫን እግር አፈፍ አደረገች። እሷም ከመሬት ተነሣች።

እንደታጠበ ልብስ ተንጠልጥለው ደጅ ቆሞ በሚጠብቀው ፈታኝ አናት ላይ አለፉ።

"ስንት ጭልፋ ነው የጨመርሽው፣ አንቺ ጉደኛ?"

"ሁለት። ሁለት ግን እንዲህ አያደርግም እኮ።"

ታላቅየዋ ቁልቁል ጎመኑን ማየት ጀመረች።

"እትዬ?"

"ስትደነግጪ ትረሻለሽ ብዬ... እኔም አንድ ጣል አድርጌበታለሁ።"

ቁንጫ ሳቋ ፈነዳ። እህቷም ተከተለች፤ ሳቃቸው ገመዱን፣ ገመዱ ደመናውን ነቀነቀው። ከዚያማ ሰማዩ ተቀደደ። ጎመኑ ላይ ወረደ፣ ፈታኙ ላይ ወረደ፣ መንገዱን ሞላው። ሰው ድስቱን ባልዲውን ይዞ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን ላጭቶ ትቶት ሮጠ፤ ደንበኛውም ተከትሎት ሮጠ።

ደመናው ሲሟሽሽ ሁለቱንም ጎመኑ ውስጥ ዘረገፋቸው። ፈታኙ እየተንጠባጠበ መጣ። ሊቆጣ ነበር፤ ጫማው በተራመደ ቁጥር "ጭቅ" ሲል ግን ራሱም ሳቀ።

"የሁለት ሰው እጅ ያለበት ፈተና አይባልም። ትደግሚያለሽ።"

"መቼ?" አለች ቁንጫ፣ ድምጿ ቀጥኖ።

"ጫማዬ ሲደርቅ።"

ጫማውን መስኮቱ ላይ አሰጣው። በማግስቱ አልደረቀም። በሳምንቱም፣ በወሩም አልደረቀም። ቡጢ የምታህል ደመና በክር ታስራ ላዩ ላይ ጠብ፣ ጠብ ትላለች። ፈታኙ ክሩን አይቶ እንዳላየ በነጠላ ጫማ ይመላለሳል። እህትማማቾቹም በየጠዋቱ ጨው ቆንጠር አድርገው ይነሰንሱባታል፤ ምናልባት አንዳቸው ብትረሳ ብለው፣ ሁለቱም።