ከምሳ በኋላ «እርስዎ»

ስሙ ሌላ ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን ሁሉም «ሙጫ» ነው የሚሉት። የአንዱ አገር ተወካይ ቢሆንም፣ አንድ ባሕር የሚጋሩ ስድስት አገሮችን አጣብቆ የያዘው እሱ ነዋ! አንዱ ሲያኮርፍ እየለመነ፣ ሌላው ሲፎክር እያበረደ፣ ፀጉሩ ሸሽቶ ሸሽቶ ማጅራቱ ጋ ደርሷል።

ከባሕሩ ማዶ ደግሞ እንደነሱ የተባበሩ፣ ግን ኪሳቸው ያበጠ አገሮች አሉ። ትልልቅ የዓሣ መርከቦቻቸውን ወደዚህ ማስገባት ይፈልጋሉ። ስድስቱ «ይግቡ፣ ግን ከዳር ይራቁ፤ ዳሩ የትንንሽ ጀልባዎች ነው። ሁላችንም ካልፈረምን ደግሞ ማንም አይፈርምም» ተባብለው ተማምለዋል። ዓሣ እንደሆነ ድንበር የሚባል ነገር አያውቅም፤ አንዱ ዳሩን ከከፈተ የሁሉም መረብ ባዶ ነው። የሙጫ ታላቅ ወንድም ልጆቹን የሚያሳድገው በአንዲት ጀልባ ነው፤ ስለዚህ ለሙጫ ነገሩ ወረቀት ብቻ አልነበረም።

ጠዋት ጉሮሮው እስኪዘጋ ተከራከረ። የማዶዎቹ ዋና ተደራዳሪ፣ ሴትዮዋ፣ ስትመልስ በማዳመጫው የአስተርጓሚዋ ድምፅ «እናንተማ ከባዶች ናችሁ» አለው። ሙጫ ደረቱን ነፋ። ከጎኑ የጎረቤት አገር ተወካይ ተቀምጧል፤ የገዛ ሚስቱ ወንድም። በክርኑ ጎሸም አደረገውና «አማቼ፣ ዛሬ አበድክባቸው!» አለው።

ለምሳ ተወጣ። ሙጫ ጉሮሮው ስለነደደ ሻይ ይዞ ለብቻው ቆየ። ሲመለስ አምስቱም ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ግን ሁሉም ስልካቸው ውስጥ ሊገቡ ምንም አልቀራቸው።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ጀመረች። በጆሮው «እርስዎ ስለ ዳሩ ምን ያስባሉ?» የሚል መጣ።

እርስዎ? ማዳመጫውን መታ መታ አደረገው። ወደ አስተርጓሚዋ ዞሮ በእጁ «ምን ነካሽ?» አላት። ልጅቱ ከማስተርጎሚያ ክፍሏ መስታወት ጀርባ ትከሻዋን ሰበቀችና በማዳመጫው መለሰችለት። «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? የጠየቀችው እርስዎን ብቻ ነው።»

ጠዋት እናንተ፣ ከሰዓት እርስዎ! አክብሮት እንዲህ ከሰው ሲነጥል አይቶ አያውቅም። ወደ አማቹ ዞረ።

«ምሳ ምን አበሏችሁ?»

«ተው እንጂ ሙጫዬ።»

«ምን አበሏችሁ ነው ያልኩህ!»

«ዳሩን ስለከፈትን ወደብ ሊሠሩልን ነው» አለ አማቹ ጫማውን እያየ። «ለሌሎቹም መንገድ፣ መብራት፣ ምናምን። ለየብቻ ጠሩን። አንተም ፈርምና ተገላገል፤ ምን ታካብዳለህ?»

«መጀመሪያ የፈረመው ማነው?»

«አሁን ይሄ ምን ያደርግልሃል?»

«ማነው?»

«እኔ።»

ሙጫ ሳቀ። ሳቁ እሱኑ አስደነገጠው። ማይኩን ተጫነና «እኔ አልፈርምም፤ ዳሩ ላይ ወንድሜ አለ» አለ። አስተርጓሚዋ አንዲት ቃል ሳትጥል አስተላለፈችው። ሴትዮዋ በጨዋ ደንብ አመሰገነችው። ከዚያ ፊቷን ወደ አምስቱ መለሰች።

«እናንተስ? እንቀጥል?»

ሙጫ ማዳመጫውን አውልቆ ተነሳ። አማቹ እየሮጠ በሩ ጋ ደረሰበት።

«ሙጫ! እሁድ ምሳ እናቴ ትጠብቃችኋለች፣ እንዳትቀሩ።»

«እህትህ ትመጣለች» አለ ሙጫ። «እኔ ወንድሜ ጋ ነው የምበላው፤ ዓሣ ካስተረፋችሁለት።»