ሦስት ቀን የጠፋ ምድጃ

ሐሙስ፣ አባቴ በሞተ በሰባተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ መሀል ጎረቤታችን ፊሩዛ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ እናቴ ጠጋ አለች። ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ወንዶቹ የሐዘን ጣፋጩን ሃልቫ ቀምሰዋል፤ ሼኹ ሊነሱ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ለሟቹ ከሰፈሩ ይቅርታ ይለምናሉ፤ ደንባችን ነው። ፊሩዛ በለሆሳስ የምትለው፣ የዚያ ክረምት ነገርም አብሮ ይነሳና ሰዉ በአፉ ይቅር ይበለው ነው።

«ለነፍሱ ብዬ ነው፣ ሰኑበር» አለች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አባቴ አጋቨርዲ ካስፒያን ባሕር ላይ በቆመ የጋዝ ማውጫ ይሠራ ነበር። አንድ ጧት ከሦስተኛው ጉድጓድ ቧንቧ ቀጭን ፉጨት ሰማ። የጋዝ ጠቋሚዎቹ ምንም አላሉም። የፈረቃ አለቃው ቶፊግ ንፋስ ነው ብሎ ሳቀበት። አባቴ ግን ሄዶ ቀዩን ቁልፍ ተጫነው። ማውጫው በሙሉ ቆመ፤ በረዶ በሚጥልበት ሳምንት ጋዙን ከዚያ የሚያገኘው የሰፈራችን ምድጃ ሦስት ቀን ጠፋ። ፊሩዛ አራስ ነበረች፤ ለልጇ ገላ ውሃ የምታሞቅበት አጥታ አለቀሰች።

አባቴን ከባሕር አውርደው የመጋዘን ጠባቂ አደረጉት። ሻይ ቤት ብቅ ሲል፣ «ምድጃችሁን ያዙ፣ አጋቨርዲ መጣ» ይሉት ነበር። እሱም ወንበር እየሳበ፣ «የበረደው ይሞቃል፤ የተቃጠለውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ይላል። ይቅርታ አንድም ቀን አልጠየቀም።

ፊሩዛ ያን ስትላት እናቴ ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫ የጋዝ መዝጊያ ጠመዘዘችው። ከማንቆርቆሪያዎቹ ሥር አራቱም እሳት ጠፋ። ሴቶቹ ዞረው አዩዋት።

«ሻዩ ይቆይ» አለችና ሴት የማይገባበት ድንኳን ገባች። ተከተልኳት።

«ለሌላው በደሉ ሁሉ ይለምኑለት» አለቻቸው ሼኹን። «ያኔ ለጠፋው እሳት ግን አይለምኑ።» ከዚያ ከወንዶቹ መሀል ወደተቀመጠው ቶፊግ ዞረች። «አንተ፣ ያን ቀን ባሕር ላይ ስንት ነበራችሁ?»

ቶፊግ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነስቶ ቆመ።

«ስልሳ አራት።»

«ስንት ተመለሳችሁ?»

«ስልሳ አራት» አለ። ድምፁ ቀነሰ። «ቧንቧው ተሰንጥቆ ነበር፣ ሰኑበር። በጸደይ ቀየርነው።»

ሼኹ ስለዚያ እሳት ሳያነሱ ይቅርታውን ለመኑ። እናቴ እስኪጨርሱ ድረስ አልተቀመጠችም።

ስንመለስ ፊሩዛን ወጥ ቤት አገኘናት። የምድጃውን ቁልፎች አንድ በአንድ ዘግታ ቢጫውን መዝጊያ ከፈተች። ክብሪቱን ከመጫሯ በፊት ግን ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ቧንቧው አስጠጋችና አዳመጠች።

ማውጫው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስለ ፉጨቱ የጻፈው ሪፖርት ግን አልታረመም፤ ዛሬም የሚለው ንፋስ ነው።