የወትሮው ሁለት ብር

ክንፈሚካኤል የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ አድርጎ ተቀመጠ። ውሃ ይዞ የሚመጣ ግን አልነበረም። ጥቂት ጠበቀ። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ምሳቸውን ጀምረዋል። እጁን ዘርግቶ የቀረው እሱ ብቻ መሆኑ ሲገባው ቀስ ብሎ እጆቹን ወደ ጭኑ መለሳቸው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ካሰች በጥር ለሠርግ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሠርጉን ረስታ ቡፌውን ይዛ መጣች። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የፍኖተ ሰላም የመንግሥት ሠራተኛ ምሳ በሚበላበት በዚያ አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ክዳን ያላቸው የብረት ድስቶች ተደረደሩ፤ ከሥራቸው ሻማ ተለኮሰ፤ በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ተተከለ። ከስድስቱ አስተናጋጆች አራቱ ተሰናበቱ። የመሥሪያ ቤት ጎረምሶች «ካሰችም ቢፒአር ሠራች» ብለው ሳቁ፤ በየቢሮው ሠራተኛው እንደ አዲስ የሚደለደልበትን አሠራር ማለታቸው ነው። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ የራሳቸው ድልድል ገና አልተለጠፈም ነበር።

ከቀሩት ሁለት አስተናጋጆች አንዷ ባንቺአየሁ ናት። ጨርቅ በትከሻዋ ጥላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሰው በልቶ ሳይነሣ ወደ ጠረጴዛ እንዳትቀርብ ተነግሯታል። ክንፈሚካኤልን ስታየው አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችው፤ እሱም እንደዚያው። ሚስቱ አደይ ከሞተች ወዲህ ባሉት ስድስት ዓመታት በመካከላቸው ይህን ያህል ርቀት ኖሮ አያውቅም።

ዛሬ ደግሞ የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ስድሳ ዓመት ሞልቶታል። ጧት የቢሮውን ቁልፍ አስረክቦ፣ አንድ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ሰው አስፈርሞ ወጥቷል። ከአሥራ አንዱ አንድም «ወዴት ነው የምትሄደው?» ያለው የለም። ስለ ሽኝቱ «በሚቀጥለው ወር እናስብበታለን» ብለውታል። ያከራየችው ሴት ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥታለች። ነገ ንጋት ላይ በአውቶቡስ ተነሥቶ፣ መልኩን ከአደይ ለቅሶ ወዲህ ወዳላየው የእህቱ ልጅ፣ ወደ ደሴ ይሄዳል። ይህን ለአንድ ሰው ብቻ ሊነግር አስቦ ነበር፤ እጁን ስታስታጥበው ለባንቺአየሁ። «ነገ እሄዳለሁ» ነው የሚላት፤ ሌላ ነገር የለውም። ቃሉን ከጧት ጀምሮ ሲለማመደው ውሏል።

«ጋሼ ክንፌ፣ ይነሡ እንጂ!» አለው ሳህኑን ሞልቶ የመጣው ከመሥሪያ ቤት ጎረምሶች አንዱ፣ ዘመኑ። «ከዛሬ ጀምሮ ራስን በራስ ማስተናገድ ነው።»

ተነሥቶ ታጠበና ተሰለፈ። ጭልፋውን ሲይዝ ግራ ገባው። በሰው ፊት ለራሱ ወጥ ቀድቶ አያውቅም። ባደገበት አገር እንግዳ «በቃኝ» ይላል፤ አቅራቢ «በሞቴ» ይላል፤ እንግዳው እንደገና እንቢ ይልና በመጨረሻ ይሸነፋል፤ ሰው የሚጠግበው በዚህ ሙግት መሃል ነው። እዚህ የሚሟገተው አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያውን «በቃኝ» የሚልበት ቦታ ላይ አቆመ፤ የምስር ወጥ አንድ ጭልፋ፣ ጎመን በቁንጥር፣ አንድ ጥቅል እንጀራ። የሚወደው የሱፍ ፍትፍት ከድስቶቹ መሃል የለም። ሳህኑን ይዞ ሲመለስ ባንቺአየሁ ሳህኑን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

ዘመኑና የእንስሳት ሐኪሙ ሸጋዬ አጠገቡ ተቀምጠው ይከራከራሉ።

«ቡፌ ላይ ጉርሻ አይሰጥም» ይላል ዘመኑ። «እኔው አነሣሁ፣ እኔው በላሁ። ለማን ነው የምሰጠው? ለጭልፋው?»

«ሳህንህን እሷ ታነሣ የለ?»

«እንግዲያው ግማሹን።»

«በግማሽ ጉርሻ ከማዋረድ ይቅር» አለ ሸጋዬ። «እርስዎስ ምን ይላሉ ጋሼ?»

ክንፈሚካኤል ጥቅሉን እንጀራ ተረተረና «እኔ እንጃ» አለ።

እሱ ሁልጊዜ ሁለት ብር ነው የሚተወው። ለምግቡ ብሎ ትቶ አያውቅም። ባንቺአየሁ ከማንቆርቆሪያው ውሃ እያፈሰሰች «ዛሬስ በየት ወረዳ ዋሉ?» ትለዋለች። የገበሬ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነውና ከቡሬም ከወንበርማም ወሬ አያጣም። ሽንዲ ደርሶ የመጣ እንደሆነ «ዘንቧል?» ትላለች፤ እናቷ እዚያ ናቸው። እሱም ጤፉ እንዴት እንደያዘ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ ይነግራታል። «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ይጨርሳል። በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የሚያወራው፣ ከሥራ ውጭ፣ ይኸው ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ በባንቺአየሁ ጥያቄ ምክንያት ግን ክንፈሚካኤል ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻውን በልቶ አያውቅም።

አሁን ስንት ይተው? ምንም ባይተው ሌሎቹን መሰለ። ሁለት ብር ቢተው የነገ ቀን ያለው ሰው መሰለ። ደረት ኪሱ ውስጥ ከጧት ጀምሮ ለብቻዋ አጥፎ ያስቀመጣት መቶ ብር ነበረች፤ ቃሉን ከነገራት በኋላ በእጇ ሊሰጣት ያሰባት። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሊጠራት ፈለገ። ሰው የሚጠራት መስሏት ቀና ስትል ግን ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው መሃል ተነሥቶ «ነገ እሄዳለሁ» ማለት የሽኝት ልመና መሰለው። ሂሳቡን ከፈለ፤ ብሯን ከሳህኑ ሥር አድርጎ ጓደኞቹን ሳይሰናበት ወጣ። ፈሪነቱ አሳፈረው፤ ግን አልተመለሰም።

መንገዱን ተሻግሮ ባጃጆቹ ከቆሙበት ሲደርስ ከኋላው የሩጫ ኮቴ ሰማ።

«ጋሼ! ጋሼ ክንፌ!»

ባንቺአየሁ ነበረች። ብሯ በእጇ ተጨብጣለች። የባጃጅ ነጂዎቹ እያዩአቸው ነው። የሰው ዓይን ሲያርፍበት የሠራው ጥፋት ታየው፤ ለሴት አስተናጋጅ ሳህን ሥር መቶ ብር አኑሮ የሚሮጥ ወንድ ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ፊቱ ጋለ።

«ይችን ረስተው ነው» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልረሳሁም። ክፉ አስቤ እንዳይመስልሽ ግን...»

«ኧረ በስመ አብ! እርስዎን? ግን ምን አርጌልዎ ነው? ዛሬ ውሃ አላፈሰስሁልዎ፣ ማዕድ አላቀረብሁልዎ። ያን ምግብ ደግሞ አልበሉትም፤ አይቼዎታለሁ።»

እሱ ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ።

«ጋሼ» አለች፣ ብሯን እያየች። «ሁለት ብር የሚተው ሰው ነገም ይመጣል። መቶ ብር ትቶ የሄደ ግን ሲመለስ አላየሁም።»

ክንፈሚካኤል ወደ መንገዱ ዞር አለ። የተለማመደው ቃል አሁንም ሙሉውን አልወጣለትም።

«ነገ ነው» አለ። «ንጋት ላይ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ላንቺ።»

ባንቺአየሁ ጨርቁን ከትከሻዋ አወረደች፤ አጣጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ «ይምጡ» ብላ ቀድማው ሄደች። በአዳራሹ በኩል አልገባችም፤ በጓሮው በር አስገብታ በወጥ ቤቱ ደጃፍ አቆመችው። አሮጌዎቹ ማንቆርቆሪያዎች የማይፈለግ ዕቃ ከተከመረበት ጥግ ተወርውረዋል። አንዱን አንሥታ አቧራውን አጠበችና ከጋኑ ውሃ ቀዳች፤ ከምድጃው ላይ ለብ ያለ ጨመረችበት።

እጅጌውን ሰበሰበ። እጆቹን ዘረጋ። አፈሰሰችለት።

«ዛሬስ በየት ዋሉ?» አለች።

«ቢሮ... ቢሮ ነው የዋልሁ።»

«ሽንዲስ ዘንቧል ይላሉ?»

«አልሰማሁም። በልግ ነው፤ መዝነቡ አይቀርም።»

እጁ ከጠራ ቆይቷል፤ እሷ ግን ማንቆርቆሪያውን ቀና አላደረገችም። ውሃው በጣቶቹ መሃል ወርዶ ጫማውን አራሰው። «እጅሽ ይባረክ» ሊል አፉን ከፈተ፤ እንባ ቀደመው። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። እሷም እንዳላየች ሆና የቀረውን ውሃ እስከ መጨረሻው አፈሰሰችለት።

ከዚያ መቶዋን ብር በሸሚዙ ኪስ ከተተችለት።

«ይች ለመንገድዎ። እኔ የወትሮዬን ነው የምፈልግ።»

በረጠበ እጁ ኪሱን ፈተሸ። ሁለት ነጠላ ብር አገኘ። በሁለት እጇ ተቀበለችውና ጉልበቷን ሸብረክ አደረገች።

ከውስጥ የካሰች ድምፅ ተሰማ፤ «ባንቺ! ሳህን ተከመረ እኮ!»

«መጣሁ!» አለች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞረች። ፊቷን ወደ ብርሃኑ አላደረገችም።

«ነገ ሱፍ ፈትፍቼ ለብቻ አስቀምጥልዎታለሁ። እንዳይቀሩብኝ።»

«እሺ» አላት ክንፈሚካኤል። «ከስድስት ተኩል አላልፍም።»

ጓሮውን ለቆ ወደ መንገዱ ወጣ። መሐረብ በኪሱ ነበረው፤ አላወጣውም። እጆቹን ከፊቱ እንደ ዘረጋ፣ እስኪደርቁ ድረስ ከባጃጆቹ አጠገብ ቆመ።