እጁ የቆመበት ዘፈን

የሟቹ ባንድ ድራመር ለቅሶ ሊደርስ ሲገባ ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ጸጥ አለ። "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሚስትየው ቀና ብላ አላየችውም። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ "አንተ ነህ የገደልከው" ብላዋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ከመስማት በቀር ትንፍሽ አላለም።

ሟች ባሏ ቀን ቀን ሊፍት ይጠግን ነበር። ከሥራ መልስ ግን ልቡ ከሙዚቃ ባንዱ ጋ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል። ሙዚቃቸው ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል። "አንዱ ዘፈናቸው እስኪያልቅ ልጅ ተወልዶ ይድሃል" ትል ነበር አክስቱ። ለጭብጨባ እንኳ አይመችም፤ ምቱ ሰባት ሰባት እየሆነ ስለሚዞር፣ ያልለመደ ሰው ሲያጨበጭብ እጁ አየር ላይ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ መድረክ በወጡ ቁጥር የማይቀሩ የራሳቸው ሰዎች ነበሯቸው።

ሚስትየው ገና እጮኛው ሳለች ኮንሰርታቸው ላይ እንቅልፍ ጥሏት ያውቃል። እሱ አልተቀየማትም። "ከአድማጮቼ ሁሉ እረፍት ያገኘሽው አንቺ ብቻ ነሽ" እያለ ዕድሜ ልኩን ሳቀባት።

ኋላ ቀኝ እጁ መዛል ጀመረ። ሐኪሙ ችግሩ ከአንጎሉ ነው አለና ዕረፍት አዘዘለት። ባንዱ ደግሞ ኮንሰርቱን በፊልም ሊያስቀርጽ አዳራሽ ይዟል። ድራመሩ ደጃፍ መኪናውን አቁሞ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ባሏ ጃኬቱን እየለበሰ "ምን ላድርግ፣ ያለ አንተ አይሆንም ብለው እምቢ አሉኝ" አላት። አመነችው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አሁን ፊልሙን የቀረጸው ካሜራማን ላፕቶፑን ታቅፎ ፊቷ ቆሟል።

"እትዬ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እርስዎ ሳያዩት ለሰው ማሳየት ከበደን። መሃል ላይ አንድ ቦታ አለ። ቁረጥ ካሉኝ እቆርጠዋለሁ።"

"እጁ ነው?"

"አዎ።"

"ይቆረጥ እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው" አለች አክስትየው። "ሰው በድካሙ አይታይም።"

"መጀመሪያ ልየው" አለች ሚስትየው።

ፊልሙ የሚጀምረው መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። ባሏ በአንድ እጁ ከጫማው ክር ጋር ይታገላል።

"እንሰርዘው" ይላል ድራመሩ። "ታሟል ብንል ማን ይቀየመናል?"

"ቤት ተጋድሜ ስታየኝ ተደብቃ ታለቅሳለች። እዚህ ልሁን።"

"ምን ብለህ ወጣህ ታዲያ?"

"እናንተ እምቢ አላችሁኝ ብዬ።"

"በእኔ አሳበህ?"

"ትከሻህ ሰፊ ነው፤ ትችለዋለህ።"

ድራመሩ እየሳቀ ተንበርክኮ ጫማውን አሰረለት።

ቀጥሎ መድረኩ መጣ። ረጅሙ ዘፈን መሃሉ ላይ ሲደርስ የባሏ ቀኝ እጅ ቆመ። አልደነገጠም፤ የቆመ የሊፍት ሞተር እንደሚመረምር ሰው ጎንበስ ብሎ አየው። ድራመሩ ለቤዝ ጊታሪስቱ በአገጩ ምልክት ሰጠና ያቺኑ ሰባት ምት ደገሟት። እንደገና ደገሟት። አዳራሹ የዘፈኑ አካል መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ይጠብቃል። ምቷ ዞረች፣ ዞረች፤ ማንም አልቸኮለም። በመጨረሻ ግራ እጁ ብቻውን ዜማውን ፈልጎ አገኘው። ሰዉ ከመቀመጫው ተነሣ።

ካሜራማኑ ፊልሙን አቆመው። አክስትየው በመሐረብ አፏን ይዛለች።

"አትቁረጠው" አለች ሚስትየው። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞረች። "ያን ሁሉ ስልህ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ምን ልበልሽ?" አለ ድራመሩ። "ሬሳው ሳይቀበር ልመስክርበት?"

ሚስትየው ከቀብር ከተመለሰች ጀምሮ ለእንግዳ ተነሥታ አታውቅም፤ አሁን ተነሣች። ፔርሙዙን አንሥታ ሻይ ቀዳችለት። ብርጭቆውን ስታቀብለው፣ ጣቶቹ በደንብ መጨበጣቸውን እስክታይ ድረስ አልለቀቀችውም።