የአሞጽ ምስክርነት

ባሌ አሞጽ መጀመሪያ ደም የሸና ጊዜ ምንም አላመመውም። ስላላመመውም ሐኪም ቤት አልሄደም፤ እሑድ አማን ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ተነሥቶ «ጸልዩልኝ» አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ሕመሙን ለጉባኤ ይናገራል።

የጉባኤው ሽማግሌ የሙሴ ፍርድ ግን ከጸሎቱ ቀደመ። ደም የሚያሸና የሴት ጣጣ ነው ብሎ አሞጽን ከአገልግሎት አሳገደው። እኔን ሚስቱን የጠየቀኝ የለም። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ጾመ፤ ደሙም በራሱ ጊዜ ቆመ።

ይኼኔ ሙሴ ንስሐው ተሰማ አለ። አሞጽን መድረክ ላይ አውጥተው ተፈወስኩ ብሎ እንዲመሰክር አደረጉት። አጨበጨቡለት።

ከወራት በኋላ ደሙ ተመለሰ፤ አሁን እየረጋና እየጓጎለ ነበር የሚወጣው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው የመሰከርኩትን ላፍርስ ወይ ይለኛል፤ ሽንት ቤት ውሃ እየደፋ ይደብቀኝ ነበር። በመጨረሻ ሽንቱ ተዘጋ። ሚዛን ሆስፒታል ቱቦ አስገብተው ሽንቱን ካፈሰሱለት በኋላ ወደ ጅማ ላኩን።

የጅማዋ ሐኪም በቀጭን መሣሪያ የሽንት ፊኛውን ውስጥ አይታ ናሙና ወሰደች። ካንሰር ሆነ። ሲጋራ ያጨስ እንደነበር ጠየቀችው። ጌታን ሳይቀበል፣ የቡና መኪና ሲነዳ፣ ከአፉ አይለይም ነበር። እሱ ከተወው ቆይቷል፤ ጣጣው ግን አልተወውም። የዚህ በሽታ ደም እየቆመ እየመጣ ያታልላል፣ መጀመሪያ እንደታየ ብትመጡ በዚሁ መሣሪያ ጠርገን ልናወጣው እንችል ነበር አለችን። አሁን ሥር ሰድዷል። አዲስ አበባ ፊኛውን አወጡት። ዛሬ ሽንቱ ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይወርዳል፤ በሽታው ተመልሶ ይመጣ እንደሆነም አናውቅም።

ስንመለስ በምስክርነት ሰዓት ማይኩን ያዝኩ።

«አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ባያምም፣ ደም የሸና ሐኪም ቤት ይሂድ። የባሌን ፊኛ የወሰደው ኃጢአት አይደለም፤ ጭብጨባችሁ ነው።»

ማይኩን አስቀምጬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሙሴ ቤታችን መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር። በር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኅት ውድነሽ፣ የጅማዋ ሐኪም ስሟ ማን ነበር?» አለኝ። ለማን ነው ስለው መሬት መሬት አየ። ለራሱ እንደሆነ ገባኝ። ደሜ ፈላ። አሞጽን ራሱን ጠይቀው ብዬ ወደ ጓዳ አስገባሁት።

አሞጽ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ሰማው። የሐኪሟን ስም ነገረውና ከረጢቱን አስተካከለ።

«ዛሬውኑ ሂድ፣ ወንድም ሙሴ» አለው። «መጀመሪያ ንስሐ ግባ የሚልህ የለም።»