በጨው ወደብ የቆመችው ሴት

ዝናብ ባይዘው ኖሮ ኢሶቤ ሙኔሃሩ እዚያ ሱቅ ውስጥ እግሩን አያስገባም ነበር። በጠዋቱ መርከብ ከሚኖርበት ደሴት ተሻግሮ ማትሱያማ ከተማ የመጣው የመንደሪን ዛፍ መግረዣ መቀሱን ሊያስስል ነው። ስለት የሚያወጣው ሰውዬ መቀሱን ተቀብሎ «ከሰዓት ና» አለው። ትራም ሊሳፈር መንገዱን ሲያቋርጥ ዶፉ ወረደ፤ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ፊት ለፊቱ ባገኘው በር ዘው አለ።

ያገለገሉ የቪዲዮ ጌሞች የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ነበር። ሙኔሃሩ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጌም በእጁ ከያዘ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። በወጣትነቱ ኦሳካ ውስጥ ጌም እየሠራ ይኖር እንደነበር ከደሴቱ ሰው የሚያውቀው ሟች አባቱ ብቻ ነበር፤ እሱም «ያ የመጫወቻ ነገርህ» ከማለት አልፎ ስሙን ጠርቶት አያውቅም።

ዝናቡ እስኪያባራ ዓይኑን በመደርደሪያዎቹ ላይ ያንከራትት ጀመር። ከታች፣ ለድሮዎቹ የእጅ ጌሞች በተተወው ጥግ፣ ካሴቶቹ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ለአንዱ ብቻ በቢጫ ካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ቆሞለታል።

«የጨው ወደብ። እባክዎ አይለፉት! ጀግና የለበትም፣ ጭራቅ የለበትም። እርስዎ የአንዲት ትንሽ ወደብ ሠራተኛ ነዎት፤ መርከብ ሲመጣ ገመድ ያስራሉ፣ ሲሄድ ይፈታሉ። የወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ አዲሱን ባለቀለም የእጅ ማሽን ለመግዛት ይሯሯጥ ስለነበር ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። እኔ አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። አምስተኛውን ለእርስዎ ብዬ ትቼዋለሁ። የሱቁ ሠራተኛ፣ ኮሃሩ።»

ሙኔሃሩ ሦስት ጊዜ አነበበው። መደርደሪያውን ያዘ።

«ጋሼ፣ እሱን ወደዱት?» ከባንኮኒው በኩል አንዲት ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ብቅ አለች። ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ወደ ላይ አስይዛዋለች። «ቢወስዱት አይቆጩም። ከዚህ ሱቅ አንድ ነገር ይምረጡ ቢሉኝ እሱን ነው የምሰጥዎ።»

«ይሄ ጌም ያሰለቻል» አላት። ለምን እንዳለ እሱም አላወቀም።

«ማን አለ?»

«ሁሉም ብሏል። መጽሔቱ እንኳን ከአርባ አሥራ አራት ነው የሰጠው።»

«እነሱማ ግማሽ ሰዓት ነካክተው ነው የጻፉት። ጋሼ ደግሞ የጥንት መጽሔት ሸምድደው ነው እንዴ የሚዞሩት?»

«ገመድ አስተሳሰሩም ልክ አይደለም። ቁልፉን ትንሽ ካዘገየሽ መርከቡ ዕቃውን ሳያራግፍ ይሄዳል። የሠራው ሰው ሰነፍ ነበር።»

«እንዴ! የሠራውን ሰው አይንኩብኝ» አለች ልጅቷ፣ የምር ተቆጥታ። «መርከብ ጥሎዎት ሄዶ አያውቅም? እኔን ጥሎኝ ሄዷል። መርከብ እንደዚያ ነው። ደግሞ ሴትየዋን ካላዩ ስለዚህ ጌም አይናገሩ።»

«የቷን ሴትዮ?»

«ይኸው፣ አላዩአትም! ሁለተኛው ዓመት፣ መከር ሲገባ፣ ምንም ቁልፍ ሳይነኩ ሦስት መርከብ ያሳልፉ። ዝም ብለው ይቁሙ። ጃንጥላ የያዘች ሴት ትመጣና አጠገብዎ ትቆማለች። ማሽኑ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ተረስቶ ነው ያገኘኋት፤ ዘፈኗን ሰምቼ አወጣሁት። በየትም አልተጻፈም።»

«እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«አለ እንጂ።»

«የለም አልኩሽ! እያንዳንዷን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የለም!»

ልጅቷ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ መጣች። ውጭ ትራሙ ደወሉን እያሰማ አለፈ።

«ስምዎን ይንገሩኝ እስቲ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ኢሶቤ።»

«ኢሶቤ ሙኔሃሩ…» ኮሃሩ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጨዋታው ሲያልቅ የሚወጡት ስሞች ሦስት ብቻ ናቸው፤ በቃሏ ታውቃቸዋለች። «ፕሮግራም፣ ኢሶቤ ሙኔሃሩ። ሥዕል፣ ዶይ ካንጂ። ሙዚቃና ንግግር፣ ኩሬባያሺ ሳዬ።»

የመጨረሻውን ስም ስትጠራ ሙኔሃሩ በአጠገቡ የነበረ የዕቃ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ። ያን ስም ከሌላ ሰው አፍ ከሰማ ስንት ጊዜው!

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ምን እንዳለችው፣ እሱስ ምን እንደመለሰላት በቅጡ አላስታወሰም። ካሴቱንና አንድ ያረጀ ማሽን ገዛ፤ ይሠራበት የነበረው የጌም ድርጅት የተዘጋ ጊዜ የነበረውን ሁሉ ጥሎ ስለነበር ማሽን እንኳን አልነበረውም። ኮሃሩ አራት ባትሪ ድንጋይ ከራሷ መሳቢያ አውጥታ አስገባችለትና «ያቆምኩበት ቦታ ካሴቱ ውስጥ እስካሁን አልጠፋም» አለችው። «ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው፤ መከር ሊገባ አንድ ቀን ይቀረዋል። ከዚያ ይቀጥሉ። ደግሞ ምንም እንዳይነኩ! እጅዎን ሁሉ ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት።»

መቀሱን ረስቶ መርከቡን ተሳፈረ። ዝናቡ አባርቶ ባሕሩ ላይ የከሰዓት ፀሐይ ወጥታለች። ከተሳፋሪዎቹ ራቅ ብሎ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ማሽኑን ከፈተው። አረንጓዴ ግራጫዋ ትንሽ መስኮት በራች። በውስጧ የሚታየው የራሱ ደሴት ወደብ ነው፤ ድንጋዩም፣ ገመድ ማሰሪያውም፣ የቲኬት መሸጫዋ ጎጆም። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ ኦሳካ ውስጥ የሩዝ ብስኩት ከሚጋገርበት ቤት በላይ በተከራዩት ክፍል፣ ናፍቆት እየበላው ነበር የሠራው።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበሩ። ሳዬ ከጀርባው ተቀምጣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ ትሠራ ነበር። ቀጭን፣ ቶሎ የማትስቅ፣ ነገር ግን አንዴ ከጀመረች ማቆሚያ የሌላት ሴት ነበረች። ምሽት ሲሆን ወንበሩን በእግሯ ገፋ ታደርግና «ኢሶቤ፣ ኑድል እንብላ?» ትለዋለች። እሱም ሳይዞር «ይችን ስህተት ላርምና» ይላል። ስህተቱ አያልቅም ነበር። ጌሙ ወጣ፤ አልተሸጠም፤ በጸደይ ድርጅቱ ተዘጋ። ሳዬ ወደ አገሯ ወደ ቶያማ ተመለሰች። ባቡር ጣቢያ ድረስ የሸኛት ዶይ ነው፤ ሙኔሃሩ ያን ቀን የተከራዩአቸውን ኮምፒውተሮች እየመለሰ ነበር።

የመጀመሪያው መርከብ መጣ። ማሽኑን ጭኑ ላይ አኖረና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። መርከቡ ገመድ የሚያስርለት አጥቶ ትንሽ ቆየና ሄደ። ጣቱን በላው፤ እሱ በሠራው ወደብ መርከብ ሳይታሰር ሲሄድ ማየት አልለመደም። ሁለተኛው መጣ፤ ሄደ። ሦስተኛው ሲሄድ ከቲኬት መሸጫዋ ጀርባ ጃንጥላ የያዘች አንዲት ትንሽ ምስል ወጣች። እየተራመደች መጥታ ከወደቡ ሠራተኛ አጠገብ ቆመች። አንድ ዜማ ጀመረ፤ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ እንደ ማንጎራጎር ያለ። ከታች ጽሑፍ ወጣ።

«ዛሬም ሥራ በዝቶብሃል፤ አውቃለሁ። አታናግረኝ። እንዲሁ አብሬህ ልቁም።»

ቀጥሎም ምስሏ ወደመጣችበት ተመለሰችና ጠፋች።

ሙኔሃሩ መርከቡ ደሴቱ ሲደርስ እንኳን አልተነሳም። የመርከቡ ሠራተኛ፣ የሚያውቀው የጎረቤቱ ልጅ፣ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ጋሼ ሙኔ፣ አሞዎት ነው እንዴ?» እስኪለው ድረስ።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ የአዲስ ዓመት ካርዶች የሚያስቀምጥበትን ሣጥን ገለበጠ። ሳዬ የላከችው የመጨረሻው ካርድ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ስልክ ቁጥሩ ግን አለበት። ደወለ። ያነሳው ወንድ ነው።

«ኢሶቤ እባላለሁ። ድሮ ኦሳካ ከወይዘሮ ሳዬ ጋር…»

«የኦሳካው ኢሶቤ!» ሰውየው በደስታ ጮኸ። «ሳዬ! ነይ ቶሎ! ያ የማይዞረው ሰውዬ ደወለ!»

ሙኔሃሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። በዚያ ቤት እንዲህ ነበር የሚታወቀው ማለት ነው።

«አቤት» አለች ሳዬ። ድምፅዋ ወፈር ብሏል፤ ግን እሷ ናት።

«ወይዘሮ ሳዬ፣ እንደምን ነዎት? ይቅርታ ድንገት ስለደወልኩ፤ እንዳላስቸገርኩዎ…»

«‹ነዎት›? እርስዎ ማለት ማን አስተማረህ? በአንድ ሳህን ብስኩት የበላን ሰዎች!»

ሳቀ። «አየኋት» አላት። «ጃንጥላ የያዘችውን። ትናንት።»

«ትናንት» አለች ሳዬ። «ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብህ።»

«መቼ ነው ያስገባሻት?»

«ጌሙ ወደ ፋብሪካ ሊላክ አንድ ሳምንት ሲቀረው። ንግግር የማስገባበትን ፕሮግራም ራስህ አልነበርክ የሠራህልኝ? በየቀኑ ስትፈትሸው ታገኛታለህ ብዬ ነበር። መቶ ጊዜ ተጫወትከው፤ መቶ ጊዜ! አንድ ቀን እንኳን ገመዱን ሳታስር አልቀረህም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከነገርኩህማ ምን ትርጉም አለው?» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ኢሶቤ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ። ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ሰምተኸዋል፣ ሲጮህ። ለልጆች ፒያኖ አስተምራለሁ። ይሄ ያለቀ ነገር ነው። ግን እንዳገኘሃት ስትነግረኝ… ቆይ፣ ወንበር ልሳብ።»

ስትቀመጥ ሰማ። እሱም ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ ባያት ኖሮስ?» አላት።

«እኔ እንጃ። ምናልባት ኑድል እንበላ ነበር።» ትንሽ ሳቀች። «ወንበርህን ታዞር ነበር፣ ሌላ ምን ልበልህ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ጠብቄሃለሁ። ከዚያ ሻንጣዬን ሞላሁ።» ወዲያው ከበስተጀርባዋ የልጆች ጫጫታ ተሰማ። «ተማሪዎቼ መጡ። ልሂድ። ማን ነገረህ ግን? ያን ጌም የሚጫወት ሰው አለ እንዴ?»

«አንዲት ልጅ አለች። ለሰው ሁሉ ግዙት እያለች ትለምናለች።»

«እግዜር ይስጣት» አለችና ዘጋች።

መከሩ ደረሰና ሙኔሃሩ ተራራው ላይ መንደሪን ሲለቅም ከረመ። ለሳዬ ቤት አንድ ሣጥን ላከ፤ ባልየው በትልልቅ ፊደላት የምስጋና ካርድ ጻፈ። የብርዱን ወራት ሙሉ ግን አንድ ደብዳቤ እየጻፈ ይቀድድ ነበር። መጀመሪያ ረዥም ጻፈ፤ ቀደደው። ከዚያ ይቅርታ የሚል ጻፈ፤ እሱንም ቀደደ። የካቲት ላይ አንዱን አጭር ደብዳቤ ሳያነብ አሽጎ ፖስታ ቤት ሰጠ፤ ካነበበው እንደማይልከው ያውቃልና።

የጻፈው ይህን ነው። ማታ ማታ ከቢሮ ስትወጪ የእግርሽን ኮቴ ከፎቁ እስከ መንገዱ ድረስ እሰማ ነበር። ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው። የታችኛዋ ላይ ትንሽ ቆም ትያለሽ። እኔም ጣቶቼን ከቁልፎቹ ላይ አነሳለሁ። ስትሄጂ እንደገና እጀምራለሁ። የዚያን ጊዜ ስህተቶቼ ሁሉ ከዚያች ሰዓት በኋላ የተጻፉ ናቸው።

መልሱ የመጣው የመንደሪኑ አበባ መፈንዳት ሲጀምር ነው። ፖስተኛው ማሳው ድረስ ወጥቶ ሰጠው። በእጁ ላይ ያለውን አፈር ሱሪው ላይ ጠረገና ከፈተው።

«ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ ለብቻዬ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ለባሌ አነበብኩለት። እሱ ‹ይህ ሰው ይምጣና ዓሣ እንብላ› ይላል። እኔ አትምጣ እላለሁ። ለጊዜው አትምጣ። ሳዬ።»

ሙኔሃሩ ከዛፎቹ መካከል ቆሞ ደብዳቤውን ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። ሌላውን ሁሉ ወዲያው ያዘው። ‹ለጊዜው› የምትለዋን ቃል ግን ሊያልፋት አልቻለም፤ እየተመለሰ አያት፣ በአውራ ጣቱም ነካት። ንቦቹ በራሱ ላይ ይርመሰመሳሉ። ፖስተኛው ቁልቁለቱን ግማሽ ድረስ ወርዶ ዞር አለና «ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«አይደለም» ብሎ ጮኸ ሙኔሃሩ። «እኔ እንጃ፤ አይመስለኝም።»